ሰላ ሲጠብቅና ሲላላ

ወንድሜን ሐምዛን የያዙት በሳቅ ነው። ሌላውን ሐበሻ በጥቆማ ያዙት፣ በአሰሳ ያዙት፣ ከሰገነት ሲዘል እግሩን ሰብሮ ያዙት። የኔ ወንድም ግን ሰው አስቆ ተያዘ። እስቲ ይሄ ምኑ ይወራል? ሰው "ወንድምሽ እንዴት አገር ገባ?" ሲለኝ "ፖሊስ ይዞት" ብዬ አፌን እዘጋለሁ። እሱም ለናታችንና ለታናሽ እህታችን የነገራቸው ይህንኑ ነው። ሳቁን የነገረው ለኔ ብቻ ነው። ዛሬ ግን እናገረዋለሁ፤ ታፍኜ ልሞት ነው።

ሐምዛን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ቲማቲም አንስቶ፣ አገላብጦ፣ ጫን ብሎ፣ አሽትቶ፣ መልሶ የሚያስቀምጥ ወንድ ታውቃላችሁ? ሻጯ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ልታገባት ነው እንዴ?" እስክትለው ድረስ? እሱ ሐምዛ ነው። እናታችን "መራጭ ይወድቃል ከምራጭ" እያለች ብትተርትበትም፣ እሱ እቴ! ሳይመርጥ ሽንኩርት እንኳ አይገዛም። የሚያናድደው ይሄ ሁሉ መራጭነት ለራሱ አንድም ቀን አልጠቀመውም። በየመን በኩል ሳዑዲ ሲገባ መንገዱን የመረጠለት ደላላ ነው። ጅዳ፣ ኑዝላ አደባባይ ላይ ቆሞ የቀን ሥራ ሲጠብቅ የሚመርጡት መኪና ያቆሙት ሰዎች ናቸው፤ "ኢንተ፣ ኢንተ፣ ያላ!" ብለው በጣት እየጠቆሙ። ሲሚንቶ ተሸከመ፣ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ኋላ መካ ሄዶ ጀርወል የሚባል ሠፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠብ ጀመረ። ኢቃማ የለው፣ ከፊል የለው፤ መኖሪያ ወረቀት የሌለው፣ ዋስ የሚሆነው አሠሪ የሌለው ሰው ማለት ነው። ያለው አንድ ነጠላ ጫማና እኛ ነን።

እኛ ማለት እኔና ዘምዘም ነን። እኔ ሚስከር ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ጅዳ፣ ኦብሑር፣ ባሕሩ ላይ ከተደረደሩት ቪላዎች በአንዱ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ባሕሩን የማየው መስኮቱን ስወለውል ነው። ዘምዘም የሁላችን ታናሽ ናት፤ አገር ቤት ከናታችን ጋር የቀረች፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች።

ሳቁ፣ ሳቁ። እኛም መጀመሪያ ስቀናል። ግን ቁመቷ ያባታችን ነው፤ በር ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። አሰልጣኝ መንግሥቱ የሚባል ሰው አየና በትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ኳስ አስጨበጣት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን ከሜዳ የሚያወጣት ጠፋ። ወንዶቹን ታስለቅሳቸዋለች ይላል ሰው። አንድ ቀን አሰልጣኙ ለናታችን "በኅዳር ማለቂያ ካዲስ አበባ አንድ ክለብ ደሴ መጥቶ ልጆች ይመርጣል። ያቺ ልጅ ከተመረጠች ደሞዝ አላት፣ ማደሪያ አላት፣ ትምህርትም አላት" ብሎ ነገራት።

ሐምዛ ይህን የሰማ ዕለት ደወለልኝ። "እታለም፣ ሰማሽ? ዘምዘም ወደዚህ አትመጣም!" አለኝ። ልብ በሉ፤ "ትመረጣለች" አላለም፣ "አትመጣም" ነው ያለው። በዚያ ሰሞን ደላላው እናታችን ደጃፍ መመላለስ ጀምሮ ነበር። "ልጅሽ ጉልበታም ናት፤ እህቷ ያለችበት ነው የማደርስልሽ" ይላታል። እህቷ ያለችበት! እህቷ ያለችበትን ቢያውቀው! እኔ ከማዳም ግቢ በገዛ እግሬ የወጣሁበትን ቀን አላስታውሰውም። ሐምዛም በበረሃው ላይ ያየውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። "ሴት ልጅ በዚያ መንገድ ከምታልፍ መሬት ትዋጣት" ይላል። እናም ሁለታችን በስልክ ተማማልን። እኛ እዚህ እንበስብስ፤ እሷ ግን አትመጣም። ወላሂ አትመጣም አልን።

እንቅፋት የሆነው ጫማው ነው።

በረመዳን ሐምዛ ጫማ ልኮላት ነበር። ዐረብኛው የኑዝላ ዐረብኛ ነው፤ ከአሸዋና ከሲሚንቶ አያልፍም። ባለሱቁን "ጀዝመት ሪያዳ" አለው፤ የስፖርት ጫማ ማለቱ ነው። ከዚያ መርጦ መርጦ ሮዝ ማሰሪያ ያለው፣ ላባ የሚያህል ጫማ ገዛላት። ዘምዘም በደስታ ስታለቅስ በስልክ ሰምቻለሁ። ብዙም ሳትቆይ ያንኑ አድርጋ ዘላ ስትወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈ። አሰልጣኙ ጫማውን ገልብጦ አየና "ይሄኮ የሩጫ ነው" አለ። "ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ ነው፤ ወደ ፊት ብቻ ለሚሮጥ ሰው የተሠራ። የኛ ጨዋታ ወደ ጎን መታጠፍ፣ ዘሎ መውረድ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ የቅርጫት ኳስ ጫማ አስመጡላት። አለዚያ ክለቡ ፊት እግሯ ይከዳታል።"

ሐምዛ ይህን ሲሰማ አንጀቱ ተቆረጠ። "መርጬ መርጬ እግሯን ሰበርኩት" እያለ እንደ ልጅ አለቀሰ። "አቦ ተው፣ አብሽር፣ ወለምታ ነው" ብለው ማን ይስማኝ!

ስለ ጫማ ከሆነ እኔ አለሁ። የማዳም ልጅ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ይጫወታል እንኳ አይባልም፤ ጫማ ይሰበስባል። ያን ሁሉ ጫማ በጥርስ ብሩሽ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሆዱንም ጀርባውንም አውቀዋለሁ። አንዱን ብሰርቅላትስ ብዬ አስቤ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ግን የልጁ እግር ታንኳ ነው። እናም ለሐምዛ በስልክ አስተማርኩት። "አንገቱ ረጅም ይሁን። እጠፈው፤ ጣቶቹ ጋ ከታጠፈ ጥሩ ነው፣ ከወገቡ ከታጠፈ ጣለው። ተረከዙን በአውራ ጣትህ ጫነው፤ እንደ ዳቦ ከሰረጎደ ተወው። ሶሉ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ መስመር ፈልግ፤ የማያንሸራትተው እሱ ነው።"

"እሺ፣ ስሙስ?" አለኝ። "ዳግመኛ ሪያዳ ብዬ የሩጫ እንዳይሰጠኝ።"

"ጀዝመት ሰላ በለው። ሰላ ቅርጫት ነው። ግን አደራህን ላዋን ጠበቅ አድርጋት። ሰላ ሲጠብቅ ቅርጫት ነው፣ ሲላላ ሶላት ነው።"

"አሁን ይሄ ልዩነት ነው?"

"እንዴ! አለ ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ኖረ ነው፤ እንደዚያ በለው።"

"እሺ የኔ መምህር" አለና ሳቀብኝ። ከዚያ እንዳይረሳው መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው፤ በኛው ፊደል። የኛ ፊደል ደግሞ መች ማጥበቂያ አለው? ሰላ ብለህ ጻፍክ፣ አለቀ። የጠበቀውም የላላውም መልኩ አንድ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሙህላው እያለቀ ነበር። ሙህላ የሚባለው "ወረቀታችሁን አስተካክሉ፣ አለዚያ ውጡ" ተብሎ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ነው። ሐምዛ ከፊል ይሆነው ዘንድ ያለመነው ሰው የለም። ማንም እሺ አላለውም። ሐጅ አለፈ፣ ሐጃጁም ሄደ፣ ሙህላውም አለቀ። በማግስቱ የፖሊስ መኪና በየመታጠፊያው ቆመ። የሆቴሉ ኃላፊ ሐምዛን "ኸላስ፣ እዚህ እንዳላይህ" አለው። ሐበሻ ሁሉ በየክፍሉ ተከተተ፤ መብራት አጥፍቶ፣ ጫማውን ከደጅ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ሳሉን በትራስ አፍኖ። ሐምዛም ጀርወል ውስጥ ካገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታጨቀ።

የሠፈራችን ሰው ቃሲም ግን ወረቀቱ የተስተካከለ ነው። በዚያው ሳምንት ከጅዳ ወደ አገሩ ይበራል፤ ከመሄዱ በፊት ዑምራ፣ ትንሹን ሐጅ፣ ሊያደርግ መካ ይመጣል። ጫማው ለዘምዘም የሚደርሰው በቃሲም እጅ ብቻ ነው። "ግሩም" አልኩት ሐምዛን፤ "አንተ ከክፍልህ ንቅንቅ እንዳትል። ቃሲም ራሱ ይግዛው።"

"ቃሲም?" አለኝ። "ቃሲም በግ ሲገዛ እንኳ ጥርሱን አያይም!"

"ሐምዛ፣ በአላህ ይዤሃለሁ! አትውጣ።"

"እታለም፣ አንዴ ተሳስቼ እግሯን ሰብሬያለሁ። ይሄኛው በእጄ ሳልነካው አይሄድም። ወጣ ብዬ እመለሳለሁ፣ ሱቁ ቅርብ ነው።"

ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩ። ማን ይስማኝ!

ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት በፊት ወጣ። ለዑምራ የመጣ ሰው ቢመስል ብሎ ነጭ ጀለቢያ ለበሰ። ሱቁ የአንድ የመናዊ ሽማግሌ ነው፤ ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረሙ አፍንጫ ሥር። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋበት፣ ወይም የጠፋበት መሰለው። ሊደውልልኝ ሞክሯል። ማዳም ቀን ቀን ስልኬን ትይዘዋለች፤ እስክትተኛ አላገኘውም። እናም መዳፉን ገለጥ አድርጎ አነበበ።

"አብጋ ጀዝመት ሰላ" አለ። አላልቶ።

እና ምን ያድርግ? በዚያ ከተማ፣ አዛን ከግራ ከቀኝ በሚጠራበት አገር፣ አንድ ቀን ሶላት አሳልፎ የማያውቅ ልጅ ሰላ የሚል ቃል ሲያነብ አፉ ወዴት ይሄድለታል? ወደ ሶላት ነዋ!

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ፈነዳ። "የሶላት ጫማ? አንተ ጫማ አድርገህ ነው የምትሰግደው?" እያለ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ብቻውን ቢስቅ ምን ነበረበት! ጎረቤቱን ሽቶ ሻጩን ጠራው። "ናማ ስማ! ሐበሻው የሶላት ጫማ ግዛልኝ ይላል!" ሽቶ ሻጩ ሳቀ፣ ደንበኞቹ ሳቁ፣ ወሬው ሱቅ ለሱቅ እየተቀባበለ ወረደ። ሐምዛ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ላብ በላብ ሆኖ በባዶ እጁ ኳስ አነጠረ፣ ዘለለ፣ ወደ ጣሪያው ወረወረ። "ሰላ! ሰላ!" አለ፣ አሁን ገና አጥብቆ።

"አሃ፣ ሰላ!" አለ ሽማግሌው እንባውን እየጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም ይላል ሐምዛ። "አላህ ይስጥህ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው የዋለው" ብሎ ሻይ አዘዘለት፤ ጫማ አወረደለት።

በዚህ ጊዜ ያገኘውን ይዞ ቢወጣ ምን አለበት? ሐምዛ ነው እንጂ! አንዱን አነሳ፤ ያብለጨልጫል፣ ሲያጥፈው ከወገቡ ታጠፈ፣ መለሰው። ሌላውን አነሳ፤ ተረከዙ ሰረጎደ፣ መለሰው። ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ነጭ ማሰሪያ ያለው፣ አንገቱ ወፍራም፣ ሶሉ ላይ የዓሣ አጥንት ያለው። አሸተተው። ስፌቱን በጥፍሩ ፈተሸው። የዘምዘምን እግር በልኩ ያውቀዋል፤ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። ለማደጊያ አንድ ጣት ጨመረ። ያ የተጻፈበት መዳፉ ሶሉ ላይ ተዘርግቶ ልኩን ሲያገኝ "እታለም፣ አገኘሁት" ማለቱን ነግሮኛል፤ ብቻውን፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ።

ከፈለ። ሽማግሌው ቀኙን ካርቶኑ ውስጥ አስገባ። ግራው ገና ሐምዛ እጅ ላይ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ እያገላበጠው ነው።

ሁለት ፖሊሶች እየሳቁ ገቡ። ወሬው ታች ድረስ ወርዶ አግኝቷቸው ነው። "የታለ የሶላት ጫማ የሚገዛው?" አለ አንደኛው። ሽቶ ሻጩ በአገጩ ወደ ሐምዛ አሳየው። ሁሉም ሳቁ። ሐምዛም አብሮ ሳቀ፤ ሰው ሲስቅብህ ምን ታደርጋለህ? ፖሊሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ኢቃማ?" አለው።

ሐምዛ እስከ ዛሬ የሚያነሳልኝ ይህችን ነው። "እታለም፣ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። እየሳቀ ነው እጄን የያዘኝ።" ሽማግሌው ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። እሱም የሰው አገር ሰው ነው፣ ፈርቶ ይሆናል፣ አልፈርድበትም። ኧረ እፈርድበታለሁ! ለሳቅ ሲሆን መንደሩን የጠራ አፍ፣ "ተዉት" ለማለት ምላሱ ታሰረ?

ቃሲም ጀርወል መጥቶ ቢደውል፣ ቢደውል፣ የሚያነሳ የለም። ዑምራውን አድርጎ፣ አልቅሶ፣ ባዶ እጁን በረረ። ሐምዛን ወደ ተርሒል ወሰዱት፤ ወደየአገሩ የሚመለስ ሰው የሚታጎርበት ማቆያ ነው። ያቺን ግራ ጫማ ብብቱ ሥር ይዟት ገባ፤ ተንተርሷት ተኛ። ሰው "አንድ ጫማ ምን ያደርግልሃል?" ሲለው "ሌላው አለ" ይላል። አለ፣ ጠብቆ። የት እንዳለ ግን አይናገርም።

እሱ ታጉሮ ሳለ ክለቡ ደሴ መጣ። ዘምዘም አሮጌ ሸራ ጫማዋን አድርጋ፣ ቁርጭምጭሚቷን በእናታችን መቀነት ጥፍር አድርጋ አስራ ገባች። መጀመሪያ ላይ ሰው ጉድ እስኪል ተጫወተች አሉ። ከዚያ ዘለለች፤ ስትወርድ ያው ቀኟ ተጠመዘዘ። አሰልጣኝ መንግሥቱ ታቅፎ አወጣት። የክለቡ ሰዎች "ጎበዝ ናት፤ ለከርሞ እናያታለን" ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ለከርሞ! ከርሞ የሚባል ነገር ለድኻ አለ?

ሐምዛ አገር የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጫማዋን ከብብቱ አውጥቶ ሰጣት። ዘምዘም ግራ እግሯን አስገባች፤ ልክክ አለላት። ልኳ ነበር። ወላሂ ልኳ ነበር፣ አንድ ጣት ለማደጊያ ተርፎ። እናታችን ያን ዕለት መራጭ ይወድቃል አላለችም።

ከዚያማ ያው ነው፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቤቱን የያዘው የሐምዛ ጉልበት ነበር፤ እሱ ሥራ ፈትቶ ደጅ ላይ ተቀመጠ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም፤ ማዳም የፈቀደች ወር ነው የምትሰጠኝ። ደላላው ይህችን አሽትቶ ተመለሰ። በሕግ የሚኬደው መንገድ ተዘግቷል፤ ዘምዘምን በባሕሩ ነው ያላት። ሐምዛ እግሯ ላይ ወደቀ፣ ያን ለማንም ያልተናገረውን የበረሃ ጉድ ሁሉ ዘረገፈላት። እስኪጨርስ ሰማችው። አንድ ማለዳ ሳትነግረው ሄደች። ጫማዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ቀርታለች አሉ። በመንገድ ያየችውን እሷም አትናገርም፤ እንደ ወንድሟ ሆናለች።

አሁን እዚሁ ኦብሑር ናት። ከኔ ማዳም ቤት ሁለት መንገድ አልፎ፣ ወረቀት ሳይኖራት፣ ሰው ቤት። ልንገናኝ ግን አንችልም፤ በስልክ ነው።

በቀደም ደወለችልኝ። እየሳቀች ነው፤ ከመጣች እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

"እትዬ፣ ዛሬ ማዳም ሞተች በሳቅ! ጂቢ ሰላ አለችኝ፤ እኔ ሶላት መስሎኝ መስገጃዋንና የሶላት መሸፈኛዋን ይዤላት ከች! ለካ የልብስ ቅርጫቱን ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እህቶቿን ጠራቻቸው፣ ጎረቤቷን በስልክ ጠራች፣ ኑ እዩልኝ ሐበሻዬን እያለች። እኔንም አሳቀችኝ። እትዬ? አለሽ?"

አለሁ አልኳት።

"ሲጠብቅ ቅርጫት ነው" አልኳት። "ዘምዘም፣ የኔ ሆድ፣ እለምንሻለሁ፤ ሁለተኛ ሰው እንዳታስቂ።"